ኬንያ ትምህርት ቤት ለማገልገል ስትሄዱ እኛ የሠራነውን አትሥሩ

ሜሪላንድ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንድ ማስታወቂያ ይነገራል። «ወጣቶቻችን በሰመር ወደ ኬንያ ለአገልግሎት ይሄዳሉ።» ከዚያ ሳምቡሳ መሸጥ ይጀመራል። እኔም ሁለት ዓመት ሳምቡሳ ሸጬ ሁለቴ ሄጃለሁ። የሄድነው ከናይሮቢ የሦስት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን በገዛ እጃችን ሠርተናቸዋል። ዓመቶቹ ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መድረስ

አሜሪካ ትምህርት የሚዘጋው በሰመር ነው። ጉዞውም የሚታሰበው ያኔ ነው። የኬንያ ትምህርት ዘመን ግን ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል። ሦስት ተርም አለው። ኦገስት መጀመሪያ ገደማ ሁለተኛው ተርም ያልቅና ልጆቹ ቤታቸው ይገባሉ። ረጅሙ ዕረፍት ደግሞ ኖቬምበርና ዲሴምበር ነው።

እኛ የመጀመሪያውን ዓመት የሄድነው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነበር። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው የለም። ርዕሰ መምህሩም እንግዳ ማሳፈር ስላልፈለጉ «አትምጡ» አላሉንም። ልጆቹን ከየቤታቸው አስጠሩልን። በዕረፍታቸው ዩኒፎርም ለብሰው መጡ። አንዳንዶቹ አምስት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ነው። መጥተው ምን አዩ? እኛ ጊታር ስንጫወት። ማን ማንን እንዳገለገለ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የተርሙን ካሌንደር አስልኩ። ጁን ጥሩ ነው። የተርሙ መጨረሻ ፈተና ነው፤ ያኔ እንግዳ ሸክም ይሆናል።

የጎብኚ ፈቃድ ይበቃል ብሎ መነሣት

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ ኢ.ቲ.ኤ. የሚባለውን የመግቢያ ፈቃድ ይሞላል። ይህ ለጎብኚ ነው። ክፍል ገብቶ ማስተማር ክፍያ ባይኖረውም ሥራ ነው። «ስፔሻል ፓስ» የሚባለውን የአጭር ጊዜ የሥራ ፈቃድ ተቀባያችሁ እንዲያስጨርስላችሁ ከወራት በፊት ተነጋገሩ። የወባውን ነገር ሐኪም ጠይቁ። ስጦታችሁንም በፌስታል አትቋጥሩ። ኬንያ ፌስታል የከለከለችው በ2017 ነው፤ ቀልድ የለም።

መምህሯን ከክፍሏ ማስወጣት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው።

የገባንበት ክፍል 58 ልጆች ነበሩበት። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። የቡድን መሪያችን በመጀመሪያው ቀን መምህሯን «ዛሬ እርስዎ ይረፉ፣ እኛ እናስተምራለን» አላቸው። ፈገግ አሉና ኋላ ሄደው ደብተር ማረም ጀመሩ። ከእኛ አንዱ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛው አርባ ምናምን አዳዲስ ቃል ልጆቹ ላይ አወረደባቸው። ልጆቹ በየመሃሉ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላሉ። የገባቸው መስሎን ደስ አለን።

በሁለተኛው ዓመት ስንቀራረብ መምህሯ እየሳቁ ነገሩን። እኛ ከሄድን በኋላ ያንን ሁሉ እንደ አዲስ በስዋሂሊ አስተምረውታል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆቹ የሚማሩት አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ መሆን እንዳለበት የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ያዛል። እኛ ይህን እንኳ አላወቅንም።

እዚህ ላይ ክራፍ ትዝ ይለኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የኖረው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ከእኛ አገር ሲወጣ በ1844 ሞምባሳ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱና አራስ ልጁ ሞቱበት። እሱ ግን ስዋሂሊ መማሩን አልተወም፤ በ1850 የስዋሂሊ ሰዋስው አሳተመ። በሰውዬው ብዙ ነገር ላይ መከራከር ይቻላል። ግን መጀመሪያ ቋንቋውን ተማረ። እኛ ለሁለት ሳምንት ስንሄድ ሃያ ቃል መያዝ አቅቶን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥያቄያችንን ቀየርን። መምህሯን «ምን እናግዝዎት?» አልናቸው። ሳያስቡ መለሱ፤ «ልጆቹ ሲያነቡ የሚያዳምጥልኝ ሰው።» ሒሳቡን አስቡት። ክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ነው፤ ልጆቹ 58 ናቸው። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ አወጣን። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያነባሉ፣ እኛ እንሰማለን። ሌላ ምንም የለም። ፎቶ እንኳ አይወጣለትም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ መጣ። ገጹን ወለም ዘለም ሳይል አነበበው። ጎበዝ አልነው። ከዚያ የገለጠው ሌላ ገጽ መሆኑን አየን። መጽሐፉን በሙሉ በቃሉ ይዞታል እንጂ አንድ ፊደል አይለይም። የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። የኔታ ፊደሉን ከታች ወደ ላይ የሚያስቆጥሩት ለዚህ አይደል? ለመምህሯ ነገርናቸው። በማግሥቱ ፊተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ከሁለቱ ጉዞዎቻችን የማልጠራጠርበት ጥቅም ይሄ ብቻ ነው።

ሻንጣ ሙሉ ሰልባጅ

እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሻንጣ ያገለገለ ልብስ ይዘን ነበር። ለተረፈው ኪሎ ከኪሳችን ከፍለናል። ናይሮቢ ስንደርስ ሹፌራችን በጊኮምባ በኩል አለፈ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ሰልባጅ በቦንዳ በቦንዳ የሚራገፍበት ትልቅ ገበያ ነው። እነሱ ሚቱምባ ይሉታል። የእኛው ዓይነት ቲሸርት ክምር ላይ ተደርድሮ በሳንቲም ይሸጣል። መኪናው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም።

ስጦታ በእጅ ማደልም ሌላ ጣጣ አለው። 40 እስክሪብቶ ይዘን 58 ልጆች ፊት ቆምን። 18ቱ ሲያለቅሱ ያየ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

ታዲያ ምን ይጎድላል? መንግሥት ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት የሚመድበው 1,420 ሺሊንግ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የፈተና ወረቀት ማባዣ ይጎድላል። የውኃ ታንከር ይጎድላል። ለሴት ልጆች ሞዴስ በነጻ እንዲቀርብ በ2017 ሕግ ወጥቷል፤ እኛ የሄድንበት ትምህርት ቤት ግን በየወሩ አይደርሰውም ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንግሥት ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ቦርድ የቀጠራቸው መምህራን አሉ። ደመወዛቸው ከወላጅ መዋጮ ነው። መዋጮው ሲጎድል ደመወዙም ይጎድላል።

የአሥራ ሁለታችን ትኬት ብቻ ከ18,000 ዶላር በላይ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የሰጠነው 600 ነው። አትሂዱ ማለቴ አይደለም። ግን ሳምቡሳ የሚገዙ እናቶቻችን ይህንን ቁጥር ማወቅ አለባቸው። ገንዘቡን በርዕሰ መምህሩና በቦርዱ በኩል፣ በደረሰኝ ስጡ። ዩኒፎርም ካሰባችሁ እዚያው ሰፈር ልብስ ሰፊ አለ፤ እሱ ይስፋው።

የልጅ ፎቶ መለጠፍ

እኛ ሐበሾች ይህን ስህተት ለመሥራት ሰበብ የለንም። በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ ረሃብ ፎቶ ስንት ዓመት ተከተለን? አሜሪካ ያደገው ስንቱ ልጃችን «አገራችሁ ምግብ አለ ወይ?» ተብሎ ተጠይቋል? ያም ሆኖ ከቡድናችን አንዷ ንፍጡ የወረደ፣ እግሩ ባዶ የሆነ ልጅ አቅፋ ተነሥታ «ተባርኬአለሁ» ብላ ለጠፈችው።

የልጁ እናት ፌስቡክ አላት። አየችው። ርዕሰ መምህሩ ጋ መጥታ ያለችው እንዲህ ነው፤ «ፎቶ እንደሚያነሡት ብነገር የእሑድ ልብሱን አለብሰው ነበር።»

ሕጉም አለ። በ2019 የወጣው የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ለልጆች የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2023 አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመለጠፉ 4.55 ሚሊዮን ሺሊንግ ተቀጥቷል። «እኛም አፍሪካውያን ነን» ማለት አያድንም። ልጆቹ እኛንም «ምዙንጉ!» (ፈረንጅ!) እያሉ ነበር የሚከተሉን።

የተነሡ እጆችን መቁጠር

በ2019 ቆጠራ ከኬንያ ሕዝብ 85 በመቶ ገደማው ክርስቲያን ነው። ትምህርት ቤቱን የመሠረተውም ቤተ ክርስቲያን ነው። በሳምንት አንድ የመንፈሳዊ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ የሰፈሩ ፓስተር ይመጣል። እኛ ደግሞ ወንጌል ልናደርስ ሄድን። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

ሰኞ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ» አልን። ሁሉም አነሡ። ሪፖርታችን ላይ ቁጥሩን ጻፍን። ማክሰኞ ሌላ ወንድም ጠየቀ። እነዚያው ልጆች በሙሉ እንደገና አነሡ። እንግዳ ሲጠይቅ እጅ ማንሣት ጨዋነት ነው። መሃላቸው ሙስሊም ልጆችም ነበሩ፤ ወላጆቻቸው የላኳቸው እንዲማሩ ነው። ከመናገራችሁ በፊት የሰፈሩን ፓስተር አማክሩ። እሱ ዝም በሉ ካላችሁ ዝም በሉ። ከረሜላ ማደሉም ይቅር።

በቀላሉ ቃል መግባት

ከልጅ ጋር ብቻችሁን ክፍል ውስጥ አትሁኑ፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ይኑር። ስልክ ቁጥር አትስጡ። «እመለሳለሁ» አትበሉ።

በሁለተኛው ዓመት ስንደርስ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከመኪናው የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ የአንዷን ጓደኛችንን ስም ጠርታ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብላት ነበር። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። ሥራ አልበዛባትም። ያን ሳምንት ሜሪላንድ፣ ኦሽን ሲቲ የባሕር ዳርቻ ላይ ነበረች።