ቢበላሽም ቤት የማያጥለቀልቅ የተክል ማጠጫ በአርዱዪኖ

አፈሩ ሲደርቅ ፓምፕ አስነስቶ ተክል የሚያጠጣ መሣሪያ ለጀማሪ ጥሩ ፕሮጀክት ነው። ሴንሰር ማንበብ፣ በትራንዚስተር ፓምፕ ማስነሳት፣ ጊዜ መቁጠር፣ ሁሉንም በአንዴ ያስተምራል። ውሃው እንዲወጣ ማድረግ ቀላል ነው። ከባዱ ሽቦ ሲላቀቅ፣ ኮዱ ሲቆም ወይም ሴንሰሩ ከአፈር ሲወጣ ውሃው እንዲቆም ማድረግ ነው። እዚህ የተመረጠው እያንዳንዱ ነገር ለዚህ ሲባል የተመረጠ ነው።

እቃዎች

- አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት፣ ሽቦ የሚሰካባቸው ፒኖች ያሉት ትንሽ ሰሌዳ)
- ካፓሲቲቭ የአፈር እርጥበት ሴንሰር
- ከ3 እስከ 6 ቮልት የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ትንሽ ፓምፕ ከነቱቦው
- አይአርኤልዜድ44ኤን ሞስፌት (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር)
- 1ኤን4007 ዳዮድ
- ሬዚስተር፦ 220 ኦም፣ 10 ኪሎ ኦም እና 1 ሜጋ ኦም፣ አንድ አንድ
- ካፓሲተር፦ 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት አንድ፣ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ አንድ
- 5 ቮልት 2 አምፒር ፓወር ሰፕላይ
- ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር ሽቦ፣ መልቲሜትር

ሴንሰሩን ስትገዙ ሁለት የብረት እግር ያለውን አትውሰዱ። እሱ የሚሠራው በእርጥብ አፈር ውስጥ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ስለሆነ ብረቱ እየተበላ ይሄዳል፤ ንባቡም አብሮ ይዛባል። ካፓሲቲቩ ብረቱ ተሸፍኖ ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። ደካማ ጎኑ የሰሌዳው ጠርዝ ነው፤ የተቆረጠበት ቦታ ውሃ ይመጥጣል። ጠርዙን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ የጥፍር ቀለም ቀቡትና በደንብ ይድረቅ። አፈር ውስጥ ስትተክሉትም ከላይ በኩል ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ከአፈሩ በላይ መቅረት አለባቸው።

በሞስፌቱ ስም ውስጥ ያለችውን «ኤል» አትዝለሏት። አይአርኤፍዜድ44ኤን የሚባለው በመልክ ምንም አይለይም፤ ግን በደንብ የሚከፈተው (ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው) ጌቱ፣ ማለትም የሚያዝዘው እግሩ፣ 10 ቮልት ሲያገኝ ነው። በአርዱዪኖ 5 ቮልት ግማሽ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ፓምፑ ይደክማል፣ ሞስፌቱም ሊግል ይችላል።

ፓምፑን በቀጥታ ከአርዱዪኖ ፒን ማገናኘት አይታሰብም። የኡኖው አንድ ፒን ሳይጎዳ በምቾት የሚሰጠው 20 ሚሊአምፒር ያህል ነው፤ 40 የመጨረሻ ገደቡ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ እየሠራ 100 እስከ 200 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል።

ሽቦው

የሞስፌቱን ጽሑፍ ወደ እናንተ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርጉ። ከግራ ወደ ቀኝ ጌት፣ ድሬን፣ ሶርስ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ብረትም ከድሬን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌላ ሽቦ እንዳይነካው።

1. ሶርስን ከግራውንድ፣ ድሬንን ከፓምፑ ማይነስ አገናኙ። የፓምፑ ፕላስ በቀጥታ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ፕላስ ይሂድ።
2. ዳዮዱን በፓምፑ ሁለት ሽቦዎች መካከል አድርጉ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ በፕላስ በኩል። ፓምፑ ሲጠፋ ከሞተሩ ጥቅል የሚመለሰውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚውጠው እሱ ነው። ከተገለበጠ ሞስፌቱ ሲከፈት ፓወር ሰፕላዩን ሾርት ያደርጋል። 100 ናኖፋራዱንም እዚያው ከፓምፑ ጎን አስቀምጡ።
3. ፒን 9ን በ220 ኦም በኩል ከጌት፣ ጌትን ደግሞ በ10 ኪሎ ኦም በኩል ከግራውንድ አገናኙ።
4. 470 ማይክሮፋራዱን በፓወር ሰፕላዩ ፕላስና ማይነስ መካከል አድርጉ። ማይነሱ በገላው ላይ በመስመር ተለይቷል።
5. የሴንሰሩን ሲግናል ከኤ0 (ቮልቴጅ ከሚያነበው ፒን)፣ ኃይሉን ከ5 ቮልትና ከግራውንድ አገናኙ። በኤ0 እና በግራውንድ መካከል 1 ሜጋ ኦሙን ጨምሩ።
6. የፓወር ሰፕላዩን ፕላስ ከአርዱዪኖው 5 ቮልት ፒን፣ ማይነሱን ከግራውንዱ አገናኙ። የሁሉም ግራውንድ አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሞስፌቱ የፒኑን ቮልቴጅ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽር ስለማያውቅ እንዳሻው ይሆናል።

10 ኪሎ ኦሙን ብዙ ሰው «ያለሱም ይሠራል» ብሎ ይተወዋል። አርዱዪኖው ሲነሳ ወይም ኮድ ሲጫንበት ፒኖቹ ለጊዜው ከምንም ጋር እንዳልተያያዙ ይሆናሉ። ያኔ ጌቱ ላይ የቀረ ትንሽ ቻርጅ ፓምፑን ክፍት ሊያቆየው ይችላል። ይህ ሬዚስተር ካለ ጌቱ ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። 1 ሜጋ ኦሙም ሥራው ተመሳሳይ ነው፦ የሲግናሉ ሽቦ ቢላቀቅ ኤ0 ዝም ብሎ ከመዋዠቅ ይልቅ ወደ ዜሮ ይሄዳል፤ ኮዱም ብልሽት መሆኑን ይለያል።

ኮድ ስትጭኑ ዩኤስቢውን ከመሰካታችሁ በፊት ከ5 ቮልት ፒኑ የፓወር ሰፕላዩን ፕላስ ንቀሉ። ግራውንዱ ባለበት ይቆይ።

ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት

ፓምፑን ሳታገናኙ ፒን 9ን ከፍ (5 ቮልት) የሚያደርግ አጭር ኮድ ጫኑና ጌቱን ለኩ። 4.9 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። በጣም ካነሰ ሁለቱ ሬዚስተሮች ቦታ ተቀያይረዋል። ከዚያ ፓምፑን አገናኝታችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡት፤ ደረቅ ማሽከርከር ይጎዳዋል። እየሠራ በድሬንና በሶርስ መካከል ለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። 1 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ ምናልባት የተሳሳተ ሞስፌት ነው የያዛችሁት።

ፓምፑ ሊነሳ ሲል አርዱዪኖው ራሱን ካስጀመረ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቀጭን ጃምፐር ሽቦ ወይም የላላ ብሬድቦርድ ነው። የፓምፑን ሁለት ሽቦዎች በወፍራም ሽቦ፣ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ጫፍ አምጡ።

የውሃው እቃ የት እንደሚቀመጥም ከሽቦው አገናኝ እኩል ወሳኝ ነው። በእቃው ውስጥ ያለው የውሃ ወለል ከቱቦው መውጫ ከፍ ካለ፣ ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ውሃው በራሱ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ እቃው እስኪጎድል ማንም አያቆመውም። ምንም ኮድ ይህን አያስተካክልም። እቃውን ተክሉ ካለበት ማሰሮ ዝቅ አድርጉት፤ የቱቦውም ጫፍ አፈሩ ውስጥ ሳይቀበር ከላይ ይንጠልጠል።

ንባቡን ማስተካከል

ይህ ሴንሰር ሲደርቅ ቁጥሩ ከፍ፣ ሲረጥብ ዝቅ ይላል። ሦስት ቁጥር ያዙ፦ በአየር ላይ፣ ማሰሮው በደንብ ጠጥቶ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ እና እናንተ «አሁን ውሃ ይፈልጋል» በምትሉበት ድርቀት። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ መለካት ስለ አፈር ብዙም አይነግርም። ለምሳሌ 590፣ 320 እና 450 ካገኛችሁ፣ ማጠጣት የሚጀመርበት ቁጥር 450 ነው። ከ560 በላይ ሴንሰሩ ከአፈር ወጥቷል፣ ከ200 በታች ሽቦ ተላቅቋል ማለት ነው፤ በሁለቱም ፓምፑ አይነሳም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አርዱዪኖው የሚያነበው ከራሱ የኃይል ቮልቴጅ ጋር እያነጻጸረ ነው። ያው 2 ቮልት ሲግናል በ5.0 ቮልት ኃይል 409፣ በ4.7 ቮልት 435 ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ በኮምፒውተር ዩኤስቢ የለካችሁት ቁጥር በፓወር ሰፕላዩ አይሠራም። 5 ቮልት ፒኑን በሁለቱም ሁኔታ ለኩና ቁጥሩን በዩኤስቢው ቮልቴጅ አባዝታችሁ ለፓወር ሰፕላዩ አካፍሉ።

ኮዱ ማድረግ ያለበት

ሲነሳ በመጀመሪያ ፒን 9ን ዝቅ አድርጎ ምንም ሳያጠጣ 10 ደቂቃ ይጠብቅ። ይህ ካልተደረገና ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ራሱን የሚያስጀምር ከሆነ፣ ቆጠራው ሁሉ እየተሰረዘ እንደ አዲስ ያጠጣል። ከዚያ ፓምፑ ጠፍቶ እያለ 10 ጊዜ አንብቦ አማካይ ያውጣ። ከ450 በላይና ከ560 በታች ከሆነ 3 ሰከንድ ያጠጣ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቅ፣ እንደገና ያንብብ። ውሃ አፈር ውስጥ ለመስረግ ጊዜ ይፈልጋል፤ «እስኪረጥብ አጠጣ» የሚል ኮድ ሴንሰሩ ሳይሰማ ማሰሮውን ይሞላል። በሰዓት 100 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በ3 ሰከንድ 83 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ ወደ ላይ ሲገፋ ግን ይቀንሳል፣ የእናንተን በመለኪያ ለኩት።

በ24 ሰዓት ከ6 ጊዜ በላይ እንዳያጠጣ ገደብ አድርጉ። ገደቡ ከደረሰ ቆሞ ፒን 13 ላይ ያለውን መብራት ብልጭ ድርግም ያድርግ።

10 ደቂቃውን 10 × 60 × 1000 ብላችሁ በተራ ቁጥሮች ብቻ ከጻፋችሁ ትልቅ ችግር ይመጣል። በኡኖ ላይ ተራ ሙሉ ቁጥር 16 ቢት ብቻ ስለሆነ 600000 አይገባበትም፤ ተትረፍርፎ 10176 ይሆናል። መጠበቂያው 10 ደቂቃ መሆኑ ቀርቶ 10 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው፤ ኮምፓይለሩም (ኮዱን ለቺፑ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሳያስቆማችሁ ሊያሳልፈው ይችላል። ከ1000ው መጨረሻ «ዩኤል» (UL) የሚሉትን ሁለት ፊደላት ጨምሩ፤ ጊዜ የሚይዙትንም ተለዋዋጮች ምልክት የሌላቸው 32 ቢት አድርጉ። ያለፈውን ጊዜ ሁልጊዜ «አሁን ሲቀነስ መጀመሪያ» ብላችሁ አስሉ፤ የሚሊሰከንድ ቆጣሪው 49.7 ቀን ገደማ ላይ ወደ ዜሮ ሲመለስ በዚህ መንገድ ብቻ ነው ሳይሳሳት የሚያልፈው።

በመጨረሻም ዋችዶጉን (ኮዱ በየጊዜው ካላደሰው ቺፑን የሚያስጀምረውን ቆጣሪ) በ8 ሰከንድ አብሩት። ፓምፑ በርቶ ሳለ ኮዱ ቢቆም ቺፑ ራሱን ያስጀምራል፣ ፒኖቹ ይለቃሉ፣ 10 ኪሎ ኦሙም ጌቱን ይዘጋል። 10 ደቂቃውን በአንድ ረጅም ዲሌይ (ኮዱን አቁሞ የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) ሳይሆን የኮዱ ዙር እየዞረ ዋችዶጉን እያደሰ መጠበቅ አለበት፤ ያለዚያ በየ8 ሰከንዱ ራሱን ያስጀምራል።

ቱቦውን በባዶ ባልዲ ላይ አድርጋችሁ አንድ ቀን አሠሩት። በዚያን ቀን ሴንሰሩን ከአፈር ንቀሉ፣ የሲግናል ሽቦውን አላቅቁ፣ ኃይሉን ደጋግማችሁ አጥፉና አብሩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ባልዲው ውስጥ ውሃ ካልተጨመረ ቱቦውን ወደ ማሰሮው አዙሩት።