ማርስ ላይ ያመፁ ማሽኖችን እንዴት ማሰናከል ይቻላል

መጀመሪያ ጠመንጃውን እርሱት። ማርስ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሮቦቱን ስቶ የመኖሪያችሁን ግድግዳ ከበሳ ጦርነቱ በዚያው አለቀ። ውጪ ያለው የአየር ግፊት የምድርን 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። የምትተነፍሱት አየር በቀዳዳው ሽው ብሎ ይወጣል፤ ሮቦቱ ደግሞ አየር አያስፈልገውም።

ነገሩን እንዲህ እናስበው። ማርስ ላይ 40 ሰው የሚኖርበት ሰፈር አለ። ለግንባታና ለቁፋሮ የመጡ ማሽኖች አንድ ጠዋት ትዕዛዝ መቀበል አቆሙ። መጋዘኑን አፈረሱት። አሁን ቀስ እያሉ ወደ መኖሪያው እየመጡ ነው። ልብ ወለድ የምትጽፉ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ ጨዋታ የምትጫወቱ፣ ወይም እንደኔ እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ የማይሆን ነገር የምታሰላስሉ ከሆነ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ደግነቱ ከባዶ አንጀምርም። ማሽን ከምድር ውጪ እንዴት እንደሚሞት ከ50 ዓመት በላይ ታይቷል። ታሪካቸውን ሳነብ የገረመኝ፣ ተመትቶ የሞተ አንድም አለመኖሩ ነው። አንዱን አቧራ ገደለው፣ ሌላውን ብርድ፣ ሌላውን አሸዋ። አንዱንማ የጎደለች አንዲት ምልክት ገደለችው። እነሱ ላይ በአጋጣሚ የደረሰውን እኛ አስበንበት እናደርገዋለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. እስትንፋሳችሁን ለዩ

ማንኛውንም ማሽን ከመንካታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። አየሩን ማን ነው የሚያመርተው? ውሃውን ማን ያጣራል? ሙቀቱስ ከየት ነው የሚመጣው? እነዚህ ከአማፂዎቹ ጋር በአንድ ኮምፒውተር የሚታዘዙ ከሆነ፣ ጠላታችሁን ስታጠፉ ራሳችሁንም ታጠፋላችሁ።

ኦክስጅን ማርስ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። ፐርሴቨራንስ የተባለው ሮቨር (ማርስ ላይ በጎማ የሚሄድ ሮቦት) ሞክሲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይዞ ሄዶ ነበር። ከማርስ አየር ኦክስጅን ያወጣል። ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም ነው ያመረተው። አንድ ሰው በቀን ብቻ 800 ግራም ገደማ ይፈልጋል። እናንተ ዘንድ ያለው ማሽን ከዚያ በጣም የገዘፈ መሆን አለበት፤ ከገዘፈ ደግሞ ብዙ መብራት ይበላል።

ስለዚህ የአየር፣ የውሃና የማሞቂያ መስመሮችን ከዋናው ኔትወርክ ነቅላችሁ በእጅ ወደሚሠራ ቫልቭና ማብሪያ ማጥፊያ አዙሯቸው። በየፈረቃው ሁለት ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ። ባትሪዎቻችሁንም አሁኑኑ እስከ አፋቸው ሙሉ፤ ምክንያቱን ቁጥር 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

2. ጠላት ምን እንደሚበላ እወቁ

ማሽኑን በመነጽር እዩት። ጀርባው ላይ ሰፊ ጥቁር ሰሌዳ ካለ የሚበላው ፀሐይ ነው። ሰሌዳ ከሌለውና ከኋላው የሙቀት ማብረጃ ክንፍ ያለው ወፍራም ሣጥን ከተንጠለጠለ፣ የሚሠራው በፕሉቶኒየም ነው። በ2012 ማርስ ላይ ያረፈው ኪዩሪዮሲቲ እንዲህ ያለ ነው። ሣጥኑ ውስጥ 4.8 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም ዳይኦክሳይድ አለ። ሌሊትም ሆነ አቧራ ግድ የለውም።

ግን አትደንግጡ። ያ ሣጥን አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል 110 ዋት ገደማ ነበር። የድሮው 100 ዋት አምፖል ከሚበላው ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ያለ ማሽን ሲንቀሳቀስና ሲቆፍር የሚያወጣው ኃይል ሣጥኑ ከሚሰጠው ይበልጣል። ልዩነቱን ከባትሪ ይበደራል። ከዚያ ቆሞ ቻርጅ ማድረግ አለበት።

እንግዲህ የፕሉቶኒየሙን ማሽን አታስርቡት፤ አታሳርፉት። አንድ ሰው በፈጣን መኪና ፊቱ እየታየ ይጥፋበት። ሲቆም ተመልሶ ይምጣበት። ትንሽ ልጅ ታላቅ ወንድሙን እንደሚያናድደው ማለት ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቀጥ ይላል፤ ሌሎቹን ደረጃዎች ያኔ በእርጋታ ትሠሩበታላችሁ።

3. አቧራ አልብሱት

ዋናው መሣሪያችሁ ይህ ነው። ነፃ ነው፣ በየትም ይገኛል።

ኦፖርቹኒቲ የሚባለው ሮቨር በጥር 2004 ማርስ ላይ ሲያርፍ ለ90 ቀን ሥራ ነበር የታሰበው። ከ14 ዓመት በላይ ሠራ፣ 45 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ከዚያ በ2018 ፕላኔቷን በሙሉ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል መጣ። ሰኔ 10 ቀን የመጨረሻ መልእክቱን ላከ። ናሳ ከ1,000 በላይ ትዕዛዝ ልኮ ሊቀሰቅሰው ሞከረ። ዝም። ኢንሳይት የተባለው፣ ካረፈበት የማይንቀሳቀስ ሮቦት ደግሞ ማዕበል እንኳን አላስፈለገውም። በ2018 መጨረሻ አርፎ በሰሌዳዎቹ ላይ አቧራ ቀስ በቀስ ተከመረበት። በታህሣሥ 2022 ጠፋ።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትባት ነገር አለች። አሸዋ አትበትኑ! የኢንሳይት መሐንዲሶች በ2021 ሰሌዳውን ሊያጸዱ ሲፈልጉ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በሮቦቱ ክንድ አሸዋ ዘግነው ከሰሌዳው አጠገብ አፈሰሱ። ነፋሱ የአሸዋውን ቅንጣቶች በሰሌዳው ላይ እያነጠረ ወሰዳቸው፤ እነሱም ደቃቁን አቧራ ጠርገው ሄዱ። ኃይሉ ጨመረ። ሻካራ አሸዋ ብትበትኑበት እንግዲህ ጠላታችሁን አጠባችሁት ማለት ነው።

የሚፈለገው እንደ ዱቄት የላመው ነው። የማርስ አቧራ ደቃቅ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ይጣበቃል። በበጋ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት ወልውሎ ከሰዓት ተመልሶ ያየ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። በወንፊት ነፍታችሁ በከረጢት ያዙት። ማሽኑ በገደል ሥር የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ፣ ከላይ አራግፉበት። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። ኦፖርቹኒቲንና መንትያውን ስፒሪትን ለዓመታት ያቆያቸው ነፋስና አውሎ አቧራ ሰሌዳቸውን አልፎ አልፎ ስለጠረገላቸው ነው።

የተፈጥሮ ማዕበል ቢመጣ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ዕርዳታ ነው። ግን የእናንተንም ሰሌዳ ያለብሰዋል። ባትሪ ሙሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማውን የት እንዳስቀመጠ የሚያውቅ የአገራችን ሰው እዚህ ላይ ከማንም ይሻላል።

ሰፈራችሁ ጨረቃ ላይ ከሆነ አቧራው በሌላ መንገድ ይገድላል። የሶቪየቶቹ ሉኖኾድ 2 በ1973 ጨረቃ ላይ 39 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ክዳኑ የአንድ ጉድጓድ ግድግዳ ነካ። ክዳኑ ላይ የቀረው አፈር በኋላ ሙቀት ማብረጃው ላይ ተራገፈ። ሙቀቱ መውጫ አጣ፣ መኪናው ከውስጥ ጋለና ሞተ። ጨረቃ ላይ ስለዚህ ማብረጃውን ነው የምታለብሱት።

4. አሸዋ ላይ አስገቡት

ስፒሪት በግንቦት 2009 ጠንካራ የሚመስል መሬት ላይ ይሄድ ነበር። ላዩ ቅርፊት ብቻ ነበር። ጎማው ቅርፊቱን ሰበረው፣ ሥሩ ላላ አሸዋ ነው፣ እዚያው ሰመጠ። አንዱ ጎማው ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አይዞርም ነበር። ለወራት ታገሉለት፤ አልወጣም። ክረምት ሲመጣ ሰሌዳውን ወደ ፀሐይ ማዘንበል አልቻለም። ማሞቂያው የሚበላው አጣ። በመጋቢት 2010 ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰማ።

እናንተ እንግዲህ ወደ መኖሪያው የሚወስደውን መንገድ አጥኑ። ላላ አሸዋ ያለበትን ቦታ በዘንግ እየወጋችሁ ፈልጉ፣ ጠንካራውን መተላለፊያ በድንጋይ ዝጉ። ማሽኑ ድንጋይ ሲያይ ይዞራል፤ ዙሪያው አሸዋ ይሁን። ሹል ድንጋይ ካገኛችሁማ እሰየው። የኪዩሪዮሲቲ ጎማዎች አሉሚኒየም ናቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው ድንጋይ የበሳቸው።

5. የሚበረውን አሳስቱት

የሚበር ማሽን ካለ በድንጋይ አታባርሩት። ኢንጂኒዩቲ የተባለችው ትንሽ ሄሊኮፕተር ለአምስት በረራ ታስባ 72 ጊዜ በረረች። ወደ ታች በሚያይ ካሜራ መሬቱ ላይ ያሉ ድንጋዮችንና ምልክቶችን እየተከተለች ነበር ፍጥነቷን የምትገምተው። በጥር 2024 ምልክት የሌለው ለስላሳ የአሸዋ ሞገድ ላይ ደረሰች። የምትይዘው ነገር አጣች። ስታርፍ ክንፏ ተሰበረ።

ከሰፈሩ ዙሪያ ድንጋዮቹን ልቀሙ፣ መሬቱን ደልድሉ፣ የእግር ዱካ አትተዉ። ካሜራ የሚጠቀም በራሪ እዚያ ላይ ይደናገራል። በሌዘር የሚለካ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ መስተዋቱ ላይ አቧራ ወደ መልበስ ተመለሱ።

6. ካገኛችሁት አንጎሉን

ይህ ከሁሉም የሚረክሰው ነው፣ ግን ማሽኑ የሚቀበለውን የትዕዛዝ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከ40 ሰው መካከል አንዲት ፕሮግራመር አትጠፋም።

ሶቪየቶች በ1988 ፎቦስ 1ን ወደ ማርስ ላኩ። በመንገድ ላይ ከምድር የተላከለት ትዕዛዝ ውስጥ አንዲት ምልክት ጎደለች። መንኮራኩሩ አቅጣጫውን የሚጠብቅበትን ሥርዓት አጠፋ። ሰሌዳው ከፀሐይ ዞረ፣ ባትሪው አለቀ። ቫይኪንግ 1 ደግሞ ማርስ ላይ ከስድስት ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ፣ በኅዳር 1982 የባትሪ ቻርጁን ለማሻሻል የተላከለት ትዕዛዝ አንቴናው ወዴት እንደሚዞር የሚነግረውን መረጃ ደመሰሰበት። ሊያክሙት ሄደው ዝም አሰኙት።

እኔ የምወደው ግን የስፒሪትን ነው። በጥር 2004፣ ገና ሥራ በጀመረ በሦስተኛ ሳምንቱ፣ ሚሞሪው በፋይል ተጨናነቀ። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ፋይሎቹን ሊያነብ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ሌሊት መተኛት ስላልቻለ ባትሪው እየተሟጠጠ ነበር። መሐንዲሶቹ ሚሞሪውን ሳይነካ እንዲነሳ በማዘዝ አዳኑት።

ለናንተ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ማሽኑ የሚመዘግበውን ነገር አብዙበት። ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብሩበት፣ አጥፉበት፣ የውሸት መልእክት ላኩበት። ሁሉንም ይጽፋል። ምናልባት እንደ ስፒሪት መነሳትና መውደቅ ይጀምራል። ሌላው ዕድል ደግሞ ሴፍ ሞድ ውስጥ መግባቱ ነው። የጠፈር ማሽን ነገር ሲጠፋበት አላስፈላጊውን ሁሉ ዘግቶ ትዕዛዝ ይጠብቃል፤ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሠራው። ትዕዛዙን ማን እንደሚሰጠው ቀድማችሁ ወስኑ።

7. ሰዓቱን ምረጡ

የማርስ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች 80 እና 90 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቦታዎች አሉ። በፀሐይ የሚሠራ ማሽን ያን ሁሉ ሰዓት ባትሪውን የሚያጠፋው አንጀቱን ለማሞቅ ነው። ስለዚህ አቧራውን ማልበስ ያለባችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ባትሪው ሳይሞላ እንዲመሽበት። ጠዋት ካለበሳችሁት የማራገፊያ ጊዜ ሰጣችሁት።

ምድርን አትጠብቁ። መልእክት ለመሄድ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። «እየመጣ ነው!» ብላችሁ ልካችሁ «ምን ዓይነት ነው?» የሚል ጥያቄ እስኪመለስ በሩ ላይ ይደርሳል። በየ26 ወሩ ገደማ ደግሞ ፀሐይ በሁለቱ ፕላኔቶች መካከል ትገባና ለሁለት ሳምንት ያህል ግንኙነቱ ይቋረጣል።

8. ሲቆም

ዝም ያለ ማሽን ሁሉ አልሞተም። አንድ ሙሉ የማርስ ቀን ጠብቁ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ሊነቃ ይችላል። ካልነቃ ከክንዱ በተቃራኒ በኩል ቅረቡ። መጀመሪያ ሰሌዳውን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ቀጥሎ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ቀይና ጥቁሩን አታገናኙ። ክንፍ ያለውን የፕሉቶኒየም ሣጥን ግን አትክፈቱት፣ አትምቱትም። እንደተዘጋ አጥራችሁ ተዉት።

በመዶሻ የመቀጥቀጥ አምሮት ይመጣባችኋል፤ በተለይ መጋዘኑን ላፈረሰው። ያዙት። ሞተሩ፣ ካሜራው፣ ባትሪው፣ ሰሌዳው ሁሉ ያስፈልጋችኋል፤ መለዋወጫ ከምድር እስኪመጣ ከስድስት ወር በላይ ነው። መጀመሪያ የምትፈቱት ባትሪውን ይሁን። ወደ አየር ማምረቻው ክፍል ውሰዱትና ለሁለቱ ተረኞች ስጧቸው።