ዳገትና ቁልቁለትን በእንግሊዝኛ፤ ከእንጦጦ አናት ላይ

የ«ማውንተን» ተቃራኒ ምንድን ነው ሲባል አብዛኛው ተማሪ «ቫሊ» ይላል። ስሕተት አይደለም፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። ተራራ ሙሉውን የሚገጥመው አንድ ተቃራኒ የለውም፤ አናቱ፣ ጎኑ፣ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው። ስለዚህ ዝርዝር ከመሸምደድ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን እያዩ ቃላቱን ማጣመር ይሻላል። ለአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው እንጦጦ ይበቃል። ደብተር ይያዙና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰማዩ በጠራ ጠዋት ይውጡ፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሁሉንም ይውጠዋል።

ከመንገዱ ይጀምሩ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲሄዱ «አፕሂል»፣ ሲመለሱ «ዳውንሂል» ነው። «ወደ» የሚለው በቃሉ ውስጥ ስላለ «ቱ» አይጨመርም፤ «ዊ ዎክድ አፕሂል» ይበቃል። ሌላው ወጥመድ «ወጣ» የሚለው ግሳችን ነው። ከቤትም እንወጣለን፣ ተራራም እንወጣለን፤ እንግሊዝኛው ግን ለቤቱ «ጎ አውት»፣ ለተራራው «ጎ አፕ» ወይም «ክላይምብ» ይላል። ዳገቱ ቀጥ ካለ «ስቲፕ»፣ ለዘብ ካለ «ጄንትል» ነው።

ቁልቁለት በነገር ሲመጣም እንደ እኛው ነው፤ አንድ ሥራ «ዌንት ዳውንሂል» ከተባለ የቁልቁለት ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። «ኢትስ ኦል ዳውንሂል ፍሮም ሂር» ላይ ግን ይጠንቀቁ። እንደ ተናጋሪው ሁኔታ «ከዚህ ወዲያ ቀላል ነው» ወይም «ከዚህ ወዲያ እየባሰ ይሄዳል» ሊሆን ይችላል።

«ዳውን» ራሱ ጉደኛ ቃል ነው። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ «ሳውዝ ዳውንስ» የሚባለው ስፍራ ዝቅታ ሳይሆን ኮረብታ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዱን» ማለት ኮረብታ ነበር፤ «ኦፍ ዱኔ»፣ ማለትም «ከኮረብታው ላይ»፣ እያጠረ ሄዶ የዛሬው «ታች» ሆነ። ስለዚህ በካርታ ላይ «ዳውንስ» ሲያዩ ሸለቆ ብለው እንዳይተረጉሙ።

አናቱ ላይ ሲደርሱ «ሰሚት» ይበሉ፤ ተቃራኒው «ፉት» ወይም «ቤዝ» ነው። «ፒክ» ሹል ለሆነ ጫፍ ነው፤ ግራፍ ላይ ደግሞ ከ«ትራፍ» ጋር ይጣመራል። ሽሮ ሜዳ «አት ዘ ፉት ኦቭ እንጦጦ» ነው። «ፉትሂልስ» ግን ግርጌው ሳይሆን በግርጌው ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ኮረብታዎች ናቸው።

እንጦጦ ከሹል ጫፍ ይልቅ ረጅም ጀርባ ስለሆነ ትክክለኛ ስሙ «ሪጅ»፣ ሸንተረር ነው። ከጀርባው ወደ ደቡብ የወረደው ውሃ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ ወደ ሱሉልታ የወረደው በሙገር በኩል ዓባይ ይደርሳል። ሁለቱን የሚለየው ከፍታ «ዲቫይድ» ሲባል፣ ከግራና ከቀኝ ውሃውን የሚቀበሉት ተፋሰሶች «ቤዚን» ይባላሉ።

አሁን በስተ ደቡብ ምሥራቅ የረርን፣ በስተ ምዕራብ ወጨጫን ይመልከቱና ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ረጅም ተራራ» ብለን ስለምናስብ «ኤ ሎንግ ማውንተን» እንላለን፤ ያ ግን ወደ ጎን የተዘረጋ ያስመስለዋል። ለተራራ «ሃይ»፣ ለሰው፣ ለዛፍና ለፎቅ «ቶል» ነው። የ«ሃይ» ተቃራኒ «ሎው»፣ የ«ቶል» ተቃራኒ «ሾርት» ነው። እንጦጦን «ኤ ሎንግ ሪጅ» ማለት ግን ልክ ነው፣ በእርግጥም ተዘርግቷልና። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ወደ 3200 ሜትር «ኤለቬሽን» ይባላል። መሐል ከተማውን በ800 ሜትር ገደማ መብለጡ «ሃይት» ነው። «አልቲቲዩድ» በብዛት በአየር ላይ ላለ ነገር፣ ለምሳሌ ከቦሌ ለተነሣ አውሮፕላን ነው።

ፊትዎን ወደ ሱሉልታ ያዙሩ። ሜዳ ነው፣ «ፕሌን»። ዝቅተኛ ግን አይደለም፤ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። «ፕሌን» የሚናገረው ስለ መሬቱ መስተካከል ብቻ ስለሆነ ተቃራኒው ኮረብታማ፣ «ሂሊ» ነው። ዝቅታን የሚናገረው «ሎውላንድ» ሲሆን የሚጣመረው ከ«ሃይላንድ» ጋር ነው። (እኛ አገር ሃይላንድ ሲባል ውሃ የሚያዝበት ፕላስቲክ ትዝ ማለቱ ለማስታወስ ይረዳል።) ከፍ ብሎ የተንጣለለ መሬት «ፕላቶ» ነው፤ አጻጻፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ኢ፣ ኤ እና ዩ ተደርድረው «ኦ» ይነበባሉ።

ገደል የመጨረሻው ችግር ነው። በአማርኛ ከላይ ሲታይ የሚገባበት፣ ከታች ሲታይ የቆመ ግድግዳ ነው፤ ሁለቱም ገደል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ግድግዳው «ክሊፍ» ነው፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ያለው ጥልቅ ክፍተት «ጎርጅ»። እንደ ቀበና ያለ ወንዝ የቦረቦረው ጠባብ ስርጥ «ራቪን» ይሆናል። ሰፊው ሸለቆ ብቻ ነው «ቫሊ»። ከ«ክሊፍ» በቀር ለነዚህ ሁሉ «ዲፕ» እንጂ «ሎው» አይባልም፤ ሸለቆው ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ «ሻሎው» ነው።

ስም ሲጽፉ «ማውንት» ከፊት ይቀድማል፣ «ዘ»ም አያስፈልገውም፦ «ማውንት የረር»። ተራሮች በብዛት ሲጠሩ «ዘ» ይገባል፦ «ዘ ሲሜን ማውንተንስ»። «ሪጅ» እና «ቫሊ» ከስሙ በኋላ ይመጣሉ። ቦታ ሲያመለክቱ ኮረብታ «ኦን»፣ ሸለቆ «ኢን» ይወስዳል፤ ይሄኛው እንደ አማርኛው ነው፣ ላይ እና ውስጥ።