አድቫይዘራችሁ «መጽሐፉን አይተኸዋል?» ካሉ

ሐዋሳ ውስጥ የቲሲስ ማስረከቢያ ሲደርስ ህትመት ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል። እዚያ ከሚታተሙት አንዱን አንሡና ምዕራፍ ሦስትን ግለጡ። የናሙና መጠን ስሌቱ አጠገብ ያችን የምናውቃትን መስመር የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፦ ያማኔ፣ 1967፣ ገጽ 886። ያማኔ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ላይ ላለው የናሙና መጠን ቀመር የሚጻፍ ማጣቀሻ ማለት ነው።

ምልክቱ፦ አድቫይዘራችሁ በቀይ «መጽሐፉን አይተኸዋል?» ብለው ጽፈዋል። ወይም ዲፌንስ ላይ ኤግዛማይነሩ «ቀመሩ ምንን ታሳቢ አድርጎ ነው የሚሠራው?» ሲሉ መልስ ይጠፋል።

መንስኤው፦ መጽሐፉን ያየው ሌላ ሰው ነው። ግሌን እስራኤል በ1992 (እ.ኤ.አ.) በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው አጭር መመሪያ ላይ ቀመሩን ከነገጹ ጠቅሶታል። ከመመሪያው አንዱ ወሰደ፣ ከዚያ ቲሲስ ሌላው ገለበጠ፣ ሲወርድ ሲዋረድ እናንተ ጋ ሲደርስ መሃል ያሉት ሁሉ ጠፍተው ያማኔ ብቻውን ቀረ። የጠፋው ስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መመሪያው ቀመሩ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ሌቭልን (የእርግጠኝነት ደረጃን) እና 0.5 ምጣኔን (የሚጠናው ባሕርይ ከሕዝቡ ግማሹ ላይ መገኘቱን) ታሳቢ እንደሚያደርግ በግልጽ ይናገራል፤ ኤግዛማይነሩ የጠየቁትም ይህንኑ ነው። ለ2,000 ሰው በ0.05 የስህተት ወሰን ስታሰሉ ናሙናው 333 ይመጣል፣ ግን ለምን እንደመጣ የሚያስረዳው ዐረፍተ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ዋናውን ፈልጉ። ላይብረሪ ጠይቁ። ከተገኘ ገጹን በዓይናችሁ አይታችሁ በቀጥታ ጥቀሱ። ካልተገኘ ያነበባችሁትን ተናገሩ። ኤፒኤ በሚባለው የማጣቀሻ ስልት ከሆነ ጽሑፉ ውስጥ «ያማኔ፣ 1967፣ እስራኤል፣ 1992 ላይ እንደተጠቀሰው» ትላላችሁ፤ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ «አዝ ሳይትድ ኢን» የምትሉት ማለት ነው። ሪፈረንስ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው እስራኤል ብቻ ነው። እባካችሁ ያማኔን እዚያ አትጨምሩ፣ አላነበባችሁትማ! ኤምኤልኤ በሚባለው ሌላ ስልት ላይ «ኮትድ ኢን» ይባላል፣ ዝርዝሩ ላይ የሚገባው እዚህም ያነበባችሁት ነው።

ሌላ ምልክት፦ አንድ ገጽ ላይ «እንደተጠቀሰው» ከተደራረበ ዋናውን ሳትፈልጉ አልፋችኋል ማለት ነው። ይሄ አጻጻፍ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ፣ ጭራሽ ሳይገኝ ሲቀር ወይም በማታነቡት ቋንቋ ሲሆን ነው የሚፈቀደው።

«ማስሎ በ1943 ባቀረበው ፒራሚድ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነስ? የሥነ ልቦና ሊቁ ማስሎ የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ ያስቀመጠበት የ1943ቱ (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የለም። ሥዕሉን ያያችሁት መማሪያ መጽሐፍ ላይ ስለሆነ ለሥዕሉ መማሪያውን ጥቀሱ። ለሐሳቡ ግን የማስሎ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ አውርዳችሁ አንብቡትና ራሱን ጥቀሱ።