ሪከርደርና መዘምራን በኖርዲክ ዘመናዊ ሙዚቃ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪከርደር (በአንድ ጫፉ የሚነፋ ዋሽንት መሰል መሣሪያ) ያለ ሌላ አጃቢ ከመዘምራን ጋር ብቻ ምን ሊሠራ እንደሚችል መስማት ለሚፈልግ፣ ዴንማርካዊቷ የሪከርደር ተጫዋች ሚካላ ፔትሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ ብሔራዊ የድምፅ ቡድን ጋር በስቲቨን ሌይተን መሪነት ያወጣችው አልበም ጥሩ መነሻ ነው። የስዊድኑ ዳንኤል ቦርትዝ፣ የፋሮ ደሴቶቹ ሱንላይፍ ራስሙሰን፣ የዴንማርኩ ፔተር ብሩን እና የላትቪያው ኡጊስ ፕራውሊንሽ ሥራዎች አሉበት። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚያቀርቡም ሆነ አዲስ የሚደርሱ ሰዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት በሚከተሉት ቦታዎች ነው።

ተጫዋቹን «ጠንከር አድርገው ይንፉ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን ዘንበል ቀና እያደረገ ድምፁን ያስተካክላል። የሪከርደር የአየር መንገድ ግን በመሣሪያው አፍ ውስጥ በተሰካ እንጨት አንዴ ተወስኗል፤ ተጫዋቹ አቅጣጫውን መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ትንፋሹ ሲበረታ ድምፁ ብዙም ሳይጎላ ከቅኝት በላይ ይወጣል፤ ትንፋሹ ሲላላ ደግሞ ይወርዳል። ጎበዝ ተጫዋች አማራጭ የጣት አያያዝ በመጠቀም ወይም ቀዳዳ በከፊል በመሸፈን ያካክሰዋል፤ ያም ሆኖ ገደብ አለው። ሚዛኑን ማምጣት ያለባቸው መዘምራኑ ናቸው። ሪከርደሩ ዜማ በያዘበት ቦታ ከየክፍሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ያስቀሩ፣ አለዚያም መዘምራኑ አፋቸውን ዘግተው ያዚሙ። አቀናባሪው ሙዚቃው እንዲያድግ ከፈለገ ለሪከርደሩ ፈጣን ኖታዎችን፣ የምላስ ምትን እና ከፍ ያለ ድምፅን ይስጠው፤ የጉላት ምልክት ብቻ መጻፍ ምንም አይፈይድም።

ኦክታቩን ማምታታት

ትንሹ የሶፕራኖ ሪከርደር ከተጻፈው አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ከፍ ብሎ ይሰማል። ከእሱ ተለቅ የሚለው አልቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተጻፈው ነው የሚሰማው፤ ዝቅተኛ ድምፁም ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለው ፋ ነው። ይህ ፋ የሴቶቹ ድምፅ በሚመላለስበት መካከል ይወድቃል። አልቶ ሪከርደር ከታች ደካማ በመሆኑ ሙሉ መዘምራን ሲዘምሩ የመጀመሪያው ኦክታቭ ጨርሶ ይዋጣል። ጥርት ብሎ የሚሰማው ሁለተኛው ኦክታቭ ነው። ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸውን ቴነርና ባስ ሪከርደርን ጸጥ ካለ ዝማሬ ውጭ ባይጠቀሙ ይሻላል።

እስከ መጨረሻው ሳምንት በፒያኖ መለማመድ

ያለ አጃቢ የሚዘምሩ መዘምራን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ሪከርደሩ ለብዙ መስመር ዝም ብሎ ሲመለስ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ተጫዋቹ የመሣሪያውን የላይኛ ክፍል ከመጋጠሚያው ጥቂት ሚሊ ሜትር በመሳብ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲስብ ግን በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይዛባል።

ሁለተኛ ችግርም አለ። መዘምራን በደንብ ሲግባቡ የሜጀር ኮርድ (እንደ ዶ-ሚ-ሶል አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ሦስተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ሚን፣ ከፒያኖው 14 ሴንት ያህል ዝቅ አድርገው ይዘምሩታል (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። ሪከርደሩ ይህንኑ ድምፅ በፒያኖ ቅኝት ከያዘው አብሮ አይዋሃድም፤ ድምፁ ይርገበገባል። ስለዚህ በተጫዋቹ ኖታ ላይ የትኛው ድምፅ የኮርዱ ሦስተኛ እንደሆነ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፤ ተጫዋቹም ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ይገኝ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ፈጽሞ አይባክንም።

ቀዝቃዛ መሣሪያ ይዞ መግባት

የኖርዲክ አብያተ ክርስቲያናት በክረምት ቀዝቃዛ ናቸው። የቀዘቀዘ ሪከርደር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ከፍ ይላል፤ የትንፋሽ እርጥበትም በአየር መንገዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ድምፁን ያፍናል። ከመጫወት በፊት መሣሪያውን ለ15 ደቂቃ ያህል በልብስ ውስጥ አቅፎ ማሞቅ፣ በዕረፍት መስመሮችም ብብት ሥር መያዝ ያስፈልጋል። ውኃ ከያዘ አየሩን በአፍ በኩል ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ድምፁን የሚፈጥረውን ስለታም ጠርዝ በጣት መንካት ግን መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላል።

የትንፋሽ ምልክቱን አንድ ማድረግ

ሪከርደር ጥቂት አየር ስለሚፈልግ ረጅም ሐረግ ሳይቋረጥ ይይዛል። መዘምራኑ እሱን መከተል ካለባቸው በየተራ ይተንፍሱ እንጂ አብረው አይቁረጡ።

ሪከርደርን የወፍ ድምፅ ብቻ አድርጎ ማየት

በአልበሙ ላይ ፕራውሊንሽ ዴንማርካዊው ተረት ጸሐፊ አንደርሰን ናይቲንጌል ስለተባለችው ዘማሪ ወፍ የጻፈውን ተረት መረጠ፤ ብሩንም ለወፍ ዝማሬ ቦታ ሰጠ፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው። ቦርትዝ ግን የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ስለ መለኮታዊ ቅጣት ከጻፈው ተነሥቷል፤ እዚያ የወፍ ጣፋጭነት መፈለግ ሥራውን ያበላሸዋል። ተጫዋቹ እየነፋ መዘመር፣ ምላሱን ማርገብገብ፣ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ማውጣት ይችላል። የመዘምራኑ መሪ እነዚህን ድምፆች ለስላሳ ለማድረግ አይሞክር፤ ሻካራነታቸው የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው።

ማይክሮፎን በመሣሪያው ጫፍ ላይ መትከል

የሪከርደር ድምፅ በአብዛኛው የሚወጣው ከአፉ ሥር ካለው መስኮትና ከጣት ቀዳዳዎች ነው። ማይክሮፎኑ ከፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆና ከመሣሪያው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ይበልጥ ከቀረበ የትንፋሹን ሹክታ ከዜማው አጉልቶ ይቀዳል።