ታስኩ የት ገባ? ባለቤት ያጡ ሥራዎች፦ ችግርና መፍትሄ

ሎጉን አይታችኋል፣ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጋችኋል፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። እዚያ ድረስ ያለውን ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ብልሽቶች እነዚህ ናቸው። አንዱ እንደ ጉንፋን እየተመላለሰ ስለሚመጣ ጊዜዬን የማጠፋው እሱ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሥራው አልፎ አልፎ ይጠፋል፤ ወይም ሜሞሪው ቀስ እያለ ይሞላል

ተጠቃሚው ይመዘገባል፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉ ግን አይደርሰውም። ሁሌም አይደለም፤ አንዳንዴ ነው። ኮዱን የጻፈው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ብትሞክሩት አንድም ቀን አይሳሳትም።

እኔ በዚህ ነገር ሁለት ሌሊት የኢሜይል ሰርቨር ስበረብር አድሬያለሁ። ሰርቨሩ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ ያለው አንዲት መስመር ላይ ነው። ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ (ታስክ) የሚያስጀምረው የፓይተኑ ክሬት ታስክ ተጠርቷል፣ የመለሰውን ታስክ ግን ማንም አልያዘውም። ታስኮችን በተራ የሚያስኬደው ኢቨንት ሉፕ ደግሞ የሚይዛቸው በዊክ ሬፈረንስ፣ ማለትም ላላ አድርጎ፣ ብቻ ነው፤ ሊወስዱበት ሲመጡ አይከራከርም። ሌላ አጥብቆ የያዘው ነገር ከሌለ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ (የማያስፈልግ ሜሞሪ ጠራጊው) ሥራው ተጋምሶ እያለ ጠርጎት ሊሄድ ይችላል። ዶክመንቴሽኑ ላይ ማስጠንቀቂያው ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አንባቢ ጠፋ እንጂ።

ታስኩ ከጽዳት ቢተርፍም ጣጣው አያልቅም። ውስጡ ኤክሴፕሽን (ስህተት) ቢነሳ የሚቀበለው የለም። ቆይቶ፣ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ «የታስኩን ኤክሴፕሽን የጠየቀ የለም» የሚል መልእክት ሎግ ላይ ጣል ይደረጋል። ያቺን መስመር «ሎጉን ታቆሽሻለች» ብሎ በፊልተር ያስወጣት ሰው ገጥሞኛል። ምን ትሉታላችሁ?

የጎ ቋንቋ ተጠቃሚዎች እዚህ ጋ ፈገግ ካላችሁ ቆዩ። የእናንተው ይብሳል። አንድ ሰርቪስ ቀን ቀን ሜሞሪው እየሞላ ይሄዳል፣ ሌሊት ክሮን ጆብ (በሰዓቱ የሚነሳ ትእዛዝ) ሪስታርት ያደርገዋል። «መፍትሄው» ይሄ ነበር፤ ለወራት! የጎሩቲኖቹን (የጎ ታስኮች ናቸው) ዝርዝር ፒፕሮፍ በሚባለው መመርመሪያ ስናወጣው በሺዎች የሚቆጠሩ ጎሩቲኖች አንድ መስመር ላይ ተገትረው አገኘናቸው። ኮዱ በሦስት ጎሩቲን ለሦስት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልክና ቀድሞ የመጣውን መልስ ይዞ ይመለሳል። ጎሩቲኖቹ መልሳቸውን የሚያቀብሉበት ቻናል ባፈር (ማቆያ ቦታ) የለውም። የቀሩት ሁለት ጎሩቲኖች መልሳቸውን ይዘው ተቀባይ ሲጠብቁ ይኖራሉ። ተቀባዩ ከሄደ ቆይቷል። አንድ ጎሩቲን በ2 ኪሎባይት ስታክ (የራሱ መሥሪያ ሜሞሪ) ስለሚጀምር ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ ግን የያዘው መልስና የከፈተው ኮኔክሽን ነው።

ሁለቱም ታሪክ ሥሩ አንድ ነው። ፋንክሽኑ ሥራ ያስጀምርና «ጨርሻለሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ሥራው ግን አላለቀም። የሚጠብቀው፣ ሲሳሳት የሚሰማው፣ ሲያስፈልግ የሚያስቆመው ባለቤት የለውም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳይክስትራ በ1968 ጎ ቱን («ወደዚያ መስመር ዝለል» የሚለውን ትእዛዝ) የተቃወመው፣ ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ ኮዱን አንብቦ መከታተል ስለሚያስቸግር ነበር። ትሪዮ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ደራሲ ናትናኤል ስሚዝ በ2018 ያንኑ ክርክር አንስቶ፣ እንደ ልብ ታስክ መልቀቅም ያው ጎ ቱ ነው አለ። ብዙዎች ተናደዱበት። እኔ ከሁለቱ ሌሊቶች በኋላ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም።

መፍትሄው ታስክን በግሩፕ ውስጥ ብቻ ማስጀመር ነው። ፓይተን ከ3.11 ጀምሮ ታስክ ግሩፕ አለው። ብሎኩን ከፍታችሁ ታስኮቹን እዚያው ትፈጥራላችሁ፤ ሁሉም ሳያልቁ ከብሎኩ መውጣት የለም። አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ይሰረዛሉ፣ ስህተቱም ወደ እናንተ ይመጣል። ኮትሊን ኮሩቲን ስኮፕ፣ ስዊፍት ከ5.5 ጀምሮ ታስክ ግሩፕ አላቸው። ጎ ላይ ኤርግሩፕ ተጠቀሙ፤ ግን በዊዝ ኮንቴክስት የተፈጠረውን፣ ኮንቴክስቱንም («አቁሙ» የሚለውን ምልክት የሚያደርሰውን) እስከ ታች አሳልፉት። ያለ እሱ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ወሬውም አይደርሳቸውም። ለዚያ የሦስት ሰርቨር ኮድ የቻናሉን ባፈር 3 አደረግነው፣ አሸናፊው ሲታወቅ ኮንቴክስቱን ካንስል አደረግን (ሰረዝን)፣ ከመመለሳችን በፊት ሁሉንም ጠበቅን። ክሮን ጆቡም ተሰረዘ።

«የእኔ ሥራ የግድ ከፋንክሽኑ በላይ መቆየት አለበት» የሚል ይኖራል። ይሁን። ግሩፑን ፕሮግራሙ ሲነሳ ክፈቱት፣ ሲዘጋ ዝጉት፣ ታስኩን እዚያ ጨምሩት። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ግሩፕ አንድ ኢሜይል ቢወድቅ ሁሉም ይሰረዛል፤ ስለዚህ ስህተቱን እዚያው ታስኩ ውስጥ ያዙና ሎግ አድርጉት።

ስሊፕ («ይህን ያህል ቆይ» የሚል ትእዛዝ) አትጨምሩ። ቴስቱ አልፎ አልፎ ስለወደቀ ሁለት ሰከንድ ስሊፕ አስገብቶ «ተስተካክሏል» ያለኝ ሰው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አምስት ሰከንድ አድርጎት አገኘሁት።

ምልክት፦ አንዱ ወድቆ ሌሎቹ መሥራታቸውን ቀጥለዋል

ጥፋተኛው ብዙ ሥራ በአንዴ አስጀምሮ የሚጠብቀው የፓይተኑ ጋዘር ነው። የመጀመሪያውን ስህተት ይነግራችኋል እንጂ ሌሎቹን አያስቆምም። ክፍያው ከሽፎ እቃው ሲላክ ያያችሁት ለዚህ ነው። ወደ ታስክ ግሩፕ ቀይሩት።

ግን ተጠንቀቁ፦ ታስክ ግሩፕ ስህተቶቹን የሚሰጣችሁ በኤክሴፕሽን ግሩፕ ጠቅልሎ ነው። ቫልዩ ኤረር የሚባለውን የስህተት ዓይነት ይይዝ የነበረው የድሮው ኤክሴፕት (ስህተት የሚይዘው ብሎክ) ከእንግዲህ አይዘውም። ኮከብ ያለበትን ኤክሴፕት (except*) ጻፉ።

ምልክት፦ ካንስል አድርጌዋለሁ፣ አልቆም አለ

ካንስል ወደ ታስኩ የሚመጣው እንደ ስህተት ሆኖ ነው፤ አንድ ቦታ ሁሉን የሚውጥ ካች (ስህተት የሚይዝ ብሎክ) አለ። ፈልጉት። ኮትሊን ላይ ካንስሌሽን ኤክሴፕሽንም ተራ ኤክሴፕሽን ስለሆነ ጠቅላላውን የሚይዝ ካች አብሮ ይውጠዋል። ረን ካቺንግ የሚባለው ፋንክሽንም እንደዚያው። ብትይዙትም መልሳችሁ ወርውሩት። ፓይተን ከ3.8 ጀምሮ የካንስል ስህተቱን ከኤክሴፕሽን ሥር አውጥቶ ቤዝ ኤክሴፕሽን ሥር አድርጎታል፤ ዓይነት ያልተጻፈበት ባዶ ኤክሴፕት ግን አሁንም ይውጠዋል። ባዶ ኤክሴፕት የሚጽፍ ሰው ኮድ ሪቪው ላይ ከእኔ ጋር አይግባባም።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር በአንዴ ቀጥ ይላል

ኢቨንት ሉፑ ውስጥ የሚያግድ ጥሪ አለ፤ ተራው ስሊፕ፣ ወይም አሲንክ ያልሆነ (ሲጠብቅ ሉፑን የማይለቅ) የዳታቤዝ ላይብረሪ። የአሲንክአዮን (የፓይተኑን የአሲንክ ላይብረሪ) ዲባግ ሞድ አብሩት፤ ሉፑን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የያዘውን ጥሪ ይጽፍላችኋል። ያንን ጥሪ በሌላ ስሬድ ወደሚያስኬደው ቱ ስሬድ ውሰዱት። ታስኩን ካንስል ብታደርጉም ስሬዱ ውስጥ ያለው ሥራ አይቆምም፤ ይህን ሳያውቅ ፋይል ሁለቴ የጻፈ ሰው አለ። እኔ ነኝ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኮትሊን፦ ታስክ ለሚያስጀምረው ሎንች አዲስ ጆብ ሰርታችሁ ከሰጣችሁት ከወላጁ ጋር ያለው ገመድ ይበጠሳል። አትስጡት።

ጃቫ፦ የጃቫው ታስክ ግሩፕ፣ ስትራክቸርድ ታስክ ስኮፕ፣ ጃቫ 25 ላይም ገና ፕሪቪው (ለሙከራ የቀረበ) ነው። በጃቫ 21 በኮንስትራክተር ይፈጠር የነበረው አሁን ኦፕን በሚባል ስታቲክ ሜተድ ይከፈታል። የድሮ ምሳሌ ኮፒ አድርጋችሁ «ኮምፓይል አላደርግ አለኝ» ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምሳሌውን ቨርዥን እዩ።