የልብን ሥዕል ከመጽሐፍ ቆርጦ፣ ተማሪ ፊት እያሰመሩ ማስተማር

የደም ዝውውርን ሳስተምር ሁልጊዜ የሚያደናግረው ሥዕሉ ላይ በስተግራ የሚታየው የልብ ክፍል ቀኙ መሆኑ ነው። በቃል ብቻ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይጽፉታል፤ ፈተና ላይ ግን ይገለብጡታል። የደሙን መንገድ ዓይናቸው እያየ ማስመር ስጀምር ነገሩ ተለወጠ። የሚያስፈልገው ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ፣ ፕሮጀክተርና ስክሪን ላይ ለማስመር የሚያገለግለው ዙምኢት የሚባል የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም ነው።

ቤትዎ ሆነው የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ይክፈቱና ሥዕሉን ያጉሉት፤ በትንሹ የተነሣ ስክሪንሾት ፕሮጀክተር ላይ ይደበዝዛል። ከዚያ የዊንዶውስ፣ የሺፍትና የኤስ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ሥዕሉን ብቻ በማውስ ይከልሉ። ፓወርፖይንት ላይ በኮንትሮልና ቪ ይለጥፉት። ስያሜዎቹን በነጭ ሳጥን ይሸፍኗቸው። ይህን አይዝለሉት፤ ስሙ ተጽፎ ካየ ተማሪው ያነባል እንጂ አያስብም።

ክፍል ሲገቡ፣ መልእክት መሀል ላይ ብቅ እንዳይል ቴሌግራምን ይዝጉ። ዙምኢትን ይክፈቱ፤ ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ላይ አድርገው ኮንትሮልና 2ን ይጫኑ፤ ማውሱ እስክሪብቶ ይሆናል። ቢን ሲጫኑ ሰማያዊ፣ አርን ሲጫኑ ቀይ ይጽፋል።

በሰማያዊ ይጀምሩ፦ ከሰውነት የተመለሰው ደም ወደ ቀኝ የላይኛው ክፍል፣ ወደ ቀኝ የታችኛው፣ ከዚያ ወደ ሳንባ። እዚህ ላይ እጅዎን ያቁሙና «አሁንስ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። ዝም ቢሉም መልሱን ለመስጠት አይቸኩሉ፤ አንድ ተማሪ ወጥቶ በቀይ ይቀጥል። ከሳንባ ወደ ግራ የላይኛው ክፍል፣ ወደ ግራ የታችኛው፣ ከዚያ ወደ መላ ሰውነት። ሰማያዊው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ለመለየት ብቻ መሆኑንም ይንገሯቸው፤ የሰው ደም ሁልጊዜም ቀይ ነው፣ ብዙ ልጆች ግን ሥዕሉን እንዳለ ያምኑታል።

መስመሩ ከተሳሳተ ኮንትሮልና ዜድ ይመልሰዋል፣ ኢ ሁሉንም ያጠፋል፣ ኢስኬፕ ያስወጣል። ከመውጣትዎ በፊት ግን በኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጡት፤ አለዚያ የደከሙበት ሁሉ ይጠፋል።

በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ ፎቶ ሲሆን ጥራቱ ይቀንሳል። ስልክ ለሌላቸው ልጆች የሚያትሙ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊና ቀይ በጥቁርና ነጭ ወረቀት ላይ ስለማይለዩ፣ ሳያስቀምጡት በፊት በመንገዱ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር ይጻፉበት።